ለብቻዬ ክፍል ስፈልግ የዋልኩ ቀን

ዓመቱ ሁለት ሺ አምስት ነበር። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ።

በዚያ ዕድሜዬ ከሚስቴ ጋር ሳልጣላ በሽማግሌ ታረቅኩ!

አትሳቁ። ገና አልጀመርኩም።

ሰሞኑን ስለ ቤት ኪራይ የምትጽፉትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። "አከራይ ጨካኝ ነው" ትላላችሁ። "አከራይ ልብ የለውም" ትላላችሁ። ከሥሩ ላይኩ መዓት ነው። እኔም አከራይ ነኝ፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ለምን እንዳደረግኩ እነግራችኋለሁ። የምጽፈው በአንድ ጣት ስለሆነ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ቤቴ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ነው፤ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል። ድሮ አባቴ ገብስ የሚዘራበት መሬት ነበር። እኔ ደግሞ ሰው አከራይበታለሁ። ገብስ ዝናብ ካልመጣ ይጮህብሃል፤ ተከራይ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚጮኸው። ጣሪያው ያፈሳላ!

ጓሮ ያለችኝ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። የጭቃ ናት፤ ግን በየዓመቱ ኖራ እቀባታለሁ። እዚያ ውስጥ ሰናይት የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። ቀን ታች ሲግናል ሰፈር አንድ ቡቲክ ውስጥ ትሸጣለች፤ ማታ ነርስነት ትማራለች። በወር አራት መቶ ብር ትከፍለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል።

ሚስቴ ወርቄ እንደ ወለደቻት ልጇ ነው የምታያት። እኔም እወዳታለሁ።

ግን አራት መቶ!

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ለቅሶ ላይ ስለ ሟች አምስት ደቂቃ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የቤት ኪራይ ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬ፣

"ሲግናል አንድ ክፍል አንድ ሺ ገባ" አለ።

"አንድ ሺ የትናንት ነው!" አለ ሌላው። "መሃል ከተማው እየፈረሰ ሰው ሁሉ ወደዚህ እየተገፋ! ደግሞ ባቡር ሊመጣ ነው ተብሎ!"

ባቡሩ ገና ሳይመጣ ኪራዩ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

እጄ ላይ ጆከር ይዤ ተሸነፍኩ። ሐሳቤ ሁሉ ጓሮ ሄዶ ነበራ!

ለወርቄ አልነገርኳትም። ብነግራት የምትለውን አውቃለሁ። "ልጅቷ ትመረቅና ያን ጊዜ ጨምር" ትላለች። ነገሩም እዚያው ያልቃል። በእኛ ቤት አዋጅ የምታወጣው ወርቄ ናት፤ እኔ አስፈጻሚ ነኝ።

ግን ደግሞ በድንኳን ወሬ ኪራይ የምጨምር ሰው አይደለሁም። በማስረጃ ነው የምጨምረው አልኩ። በጥናት! እንደ ቢሮ ሰው!

ቅዳሜ ጠዋት ለሠርግ የምለብሰውን ኮት ለበስኩ። ስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰካሁ። አንድ ነጭ ወረቀት አጥፌ ያዝኩ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ ወርቄ።

"የጡረታዬን ነገር ላጣራ።"

"ቅዳሜ?"

"ቅዳሜም ይሠራሉ ተብሏል።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከኮቴ ጀምራ እስከ ጫማዬ። ጫማዬን ቀለም ቀብቼው ነበር። ይሄ ቀለም በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

ሲግናል ደረስኩ። የመጀመሪያው በር አረንጓዴ ነው። አንኳኳሁ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወጣች።

"እንደምን አደሩ! የሚያከራዩት ክፍል በስንት ነው?"

ኮቴን አየች። ስክሪብቶውን አየች። ወረቀቱን አየች።

"ማን ነው ያከራየ?" አለች። "የእህቴ ልጅ ናት፤ በነጻ ነው የምትኖረው።"

ከኋላዋ ተደርድረው አምስት በሮች ይታያሉ። በየበሩ የተሰጣ ልብስ አለ።

"አምስቱም?"

"አምስቱም የእህቴ ልጆች ናቸው!" ብላ በሩን ድርግም!

ሁለተኛው ቤት ደግሞ የሚኖረው የባልዮው ወንድም ነው አሉኝ። ሦስተኛው ቤት "ባለቤቶቹ የሉም" ያለኝ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ቆይቶ ገባኝ። የኪራይ ግብር ሊመዘግብ የመጣ ሰው መስያቸዋለሁ! እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ኮት የለበሰ ሰው በሬን ቢያንኳኳ ሰናይትን የወርቄ እህት ነበር የማደርጋት።

እሺ። አሁን ምን ይሻላል?

ስክሪብቶውን ውስጥ ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱንም። ኮቴን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ጀርባዬን ትንሽ አጎበጥኩ።

ተከራይ ሆንኩ!

አራተኛው ቤት ሻርፕ ያሰረች አርባ ዓመት የማይሞላት ሴት ከፈተችልኝ።

"ክፍል አለ ተብዬ ነበር" አልኩ።

"አለ። ለስንት ሰው ነው?"

"ለብቻዬ።" ብዙ ነን ያለ ሰው ክፍል እንደማያገኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ ነን ያለ አላስገባም።

"ባለቤት የለዎትም?"

"አለችኝ።"

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ታዲያ ሚስት ያለው ሽማግሌ ለብቻው ክፍል ምን ይሠራለታል? ጫማዎንም ቀብተዋል! ስሙኝ አባባ፣ እዚህ ግቢ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰፈር!"

ውሽማ የማስቀምጥበት ክፍል የምፈልግ መስሏት ነው! እኔ! የአንዷ ቁጣ እንኳ በቅቶኝ!

ጎረቤት አጥር ላይ ብቅ ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

"ተለያይተናል" አልኩ።

ምነው ምላሴን በነከስኳት!

ሴትዮዋ ወዲያው እንደ ቅቤ ቀለጠች። "ወይኔ አባቴን! በዚህ ዕድሜዎ? አባረረችዎት?"

"አዎ።"

"ምን አድርገው?"

"ምንም።"

"እንዴ! የኔም ሰውዬ ሲሄድ ምንም ነው ያለው" አለችና ክፍሉን ልታሳየኝ ገባች።

ክፍል አልኳችሁ? አልጋ ካስገባህ በሩ አይዘጋም፤ በሩ እንዲዘጋ ከፈለግክ አልጋ አይገባም። ዋጋ፦ አንድ ሺ አንድ መቶ። የሦስት ወር ቅድሚያ።

ከዚያ ሕጉን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። ካውያ የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃ የለም። እንግዳ አያድርም። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሁለት ሁለት ጄሪካን።

"ሻወርስ?" አልኩ።

አውሮፕላን የጠየቅኳት ይመስል አየችኝ።

ይሄን ሕግ የት ነው የማውቀው? እያልኩ ቆምኩ። ወዳጆቼ፣ የኔ ነው! ቃል በቃል! ሰናይት ስትገባ በር ላይ ቆሜ እንዲሁ በጣቴ እየቆጠርኩ የነገርኳት ነው። ማክሰኞና ዓርቡ ሳይቀር! እሷም "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" ትል ነበር።

"ተስማሙ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"እሺ እናቴ" አልኩ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት! ድምፄ ደግሞ ቀጥኖ ነው የወጣው። የተከራይ ድምፅ ራሱን የቻለ ድምፅ ነው ለካ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አጥር ጥግ ተደግፌ "ሲግናል 1100" ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ጥናት በአንድ ቤት አይሆንም። እልኸኛ ነኝ፤ ከተነሳሁ አልቀመጥም።

ሽቅብ ወደ ሰፈሬ አቅጣጫ ተመለስኩ። የካ ሚካኤል ታክሲ መያዣው ጋ ኮፍያ ያደረገ ደላላ ጠራኝ።

"ፋዘር! ክፍል ነው አይደል? ሚስት ናት አይደል?"

"ማን ነገረህ?"

"የሲግናሏ እትዬ ደወለችልኛ! 'ኮት ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ምስኪን ሽማግሌ እየመጣ ነው፣ ፈልግለት' ብላ። አይዞህ ፋዘር፣ ሚስት ያልፋል፣ ዋናው ቤት ነው።"

ታክሲ ተሳፍሬ ከሲግናል እስክመጣ መባረሬ ቀድሞኝ ደርሷል!

ከደላላው ጋር አምስት ቤት አየሁ። በየቤቱ "ሚስታቸው አባረዋቸው ነው" እያለ ነው የሚያስገባኝ። ዋጋ እንዲቀንሱልኝ መሆኑ ነው። አንዷ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። አንዷ "ወንድ ሲያረጅ እንዲህ ነው" ብላ ለልጇ አሳየችኝ።

ግን ጥናቱ ሠራ! ይሄን ልንገራችሁና ታዘቡኝ። ዳገቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኪራዩ ወደ ታች ይወርዳል። ታክሲ በር ላይ የሚቆምበት አንድ ሺ መቶ። ከታክሲ አሥር ደቂቃ በእግር ሰባት መቶ ሃምሳ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ሽቅብ የሚወጣበት አምስት መቶ። ውሃ በአህያ የሚመጣበት ሦስት መቶ። የቤቱን ግድግዳ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሲግናል ያለው ክፍል የሰው መቃብር ያክላል፤ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ጎተራ ሰፊ ነው። የሚተመነው ቤቱ ሳይሆን ጉልበትህ ነው። ጉልበት ያለው ላይ ይኖራል፤ ገንዘብ ያለው ታች። ሁለቱም የሌለው እንደ ሰናይት እኔ ጓሮ።

የመጨረሻው ቤት ከባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ደላላው "ሦስት መቶ ነው የሚሉት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ትግባባላችሁ" እያለ በሩን ገፋው። ባለቤቱ ወጣ።

ገመቹ!

ገመቹ ማለት አባቶቻችን ጎን ለጎን ሲያርሱ አብረን ያደግን ሰው ነው። እኔ ወደ ታች ወርጄ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆንኩ፤ እሱ እዚያው ቀረ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ በእድር እንገናኛለን። አንድ ክፍል ማከራየቱን ግን አላውቅም ነበር።

"ያ ደቻሳ! ማል ታቴ?" አለኝ በኦሮምኛ። አንተ ደቻሳ፣ ምን ሆነህ ነው ማለቱ ነው።

እኔ አፌን ሳልከፍት ደላላው፣ "ፋዘርን ሚስታቸው አባረዋቸው ነው፤ ኪራዩን ይቀንሱላቸው" አለ።

የገመቹ ዓይን እንባ ሞላ።

አሁን እውነቱን ማውጣት ነበረብኝ አይደል? ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቅ ነበር። ግን ገመቹን አታውቁትም! አንዴ ጭቃ ላይ የወደቅኩትን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ያወራ ሰው ነው። ለስለላ ነው የመጣሁት ብለው እስክሞት አያበቃም። ደላላው ደግሞ አጠገቤ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ያንከራተትኩት አከራይ መሆኔን ቢያውቅ በኮቴ አንጠልጥሎ ነው የሚያወርደኝ።

"አዎ ገመቹ" አልኩ። "እንዲህ ሆነ።"

አቀፈኝ። "ወንድምህ እያለ ኪራይ? አፈር ልብላ! ክፍሉ ያንተ ነው። በነጻ!"

ደላላው ፊቱ ጠቆረ። ገመቹ እርጎ አስመጣልኝ። በውሸት እርጎ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? አይወርድም። በግድ ዋጥኩትና "ዕቃዬን ላምጣ" ብዬ ወጣሁ። ወደ ኋላ ዞር ስል ገመቹ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ካርድ የለኝም እያለ ሚስኮል ሲያደርግ የኖረ ሰው!

ያን ጊዜ ሮጬ ቤቴ መግባት ነበረብኝ። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ ጥናቴን አጠቃለልኩ። ከላይም ከታችም አይቼ ለሰናይት ሰባት መቶ ተገቢ ነው ብዬ ወሰንኩ። ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቤቴ የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሳሎን ገባሁ።

የእድራችን ዳኛ ግዛው ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ወርቄ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወንድም ታደሰ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከእነሱ ቀጥሎ ገመቹ! በአቋራጭ ወርዶ ቀድሞኝ ገብቷል። ወርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ሰናይት ከሥራ ተመልሳ፣ ለእንግዶቹ ውሃ በትሪ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች።

"ደቻሳ፣ ተቀመጥ" አለኝ ግዛው።

"ወንበሬ ላይ እኮ ነህ።"

"ሌላ ፈልግ። ዛሬ መፈለግ ለምደሃል።"

በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ወርቄ ጀመረች። "አርባ ዓመት! አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ! ለመሆኑ በስንት ተከራየኸው?"

"ወርቄ፣ ስሚኝማ..."

"ውሃ አለው? ያለ ለብ ያለ ውሃ እግርህን የማትታጠብ ሰውዬ! ጡረታ ላጣራ ይለኛል፣ ጫማውን ቀብቶ! ሂድ! እኔም አልጋው ላይ ያንተን ጎን አከራየዋለሁ!"

"እህት ወርቄ!" አሉ ወንድም ታደሰ ደንግጠው።

"ሲግናል ውድ ነው አሉ። እኔ በግማሹ እሰጣለሁ!"

ግዛው እጁን አነሳ። "ደቻሳ፣ ምን በደለችህ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ልትወጣ ፈለግክ?"

ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሰናይት ቆማለቻ! እውነቱን ብናገር "የዚችን ልጅ ኪራይ ልጨምር ነው የዞርኩት" ልል ነው፤ እሷ ለሽማግሌዎቼ ውሃ እየቀዳች። ስለዚህ ሚስቱን የሚተው ሰው መባልን መረጥኩ። ይቀለኛል ብዬ!

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ግዛው ፈረደ። "ለወርቄ ጋቢ ትገዛለህ። በፊታችን ይቅርታ ትጠይቃለህ። ወደ ቤትህ ትመለሳለህ።"

"ቤቴ ውስጥ ነኝ እኮ!"

"ትመለሳለህ አልኩ!"

"እሺ" አልኩ። ላልሠራሁት ጥፋት ጋቢ ተፈረደብኝ፤ ተቀበልኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ወደ ተቀመጥኩበት ቤት ተመለስኩ!

ወርቄ ግን "ጋቢ አልፈልግም፤ ምክንያቱን ነው የምፈልገው" አለች።

ወንድም ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወንድም ደቻሳ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኛም ሰዎች ነን... ሌላ ሴት አለች?"

ያን ጊዜ ገመቹ ዓይኑን ወደ በሩ መለስ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ነው የከዳው። ግዛውም ተከትሎ አየ። ወንድም ታደሰም።

በሩ ላይ የቆመችው ሰናይት ናት።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ" አለችኝ፤ እነሱን ሳታይ። "ሰው በእኔ ምክንያት እንዲህ ካሰበ ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ።"

ወርቄ ብድግ አለች። "ማንም! ማንም ይቺን ልጅ እንደዚያ አድርጎ እንዳያያት! እሱን እንደፈለጋችሁ፤ እሷን ግን!"

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

"ኪራይ ሳጠና ነው የዋልኩት! ሌላ ሴት የለችም፣ ክፍልም አልፈልግም! የሷን ኪራይ ልጨምር ነው! እውነት የሚነግረኝ ሳጣ ተከራይ ነኝ ብዬ ዞርኩ፤ ሚስቴ አባረረችኝ አልኩ!"

"ስንት ሊያደርጉት ነበር ጋሼ?" አለች ሰናይት።

"ሰባት መቶ።"

"ሰባት መቶ ከሆነ ትምህርቱን አቆማለሁ።"

ሳትቆጣ ነው ያለችው። እንደ ሂሳብ መልስ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ጥናት፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ከሥሩ ያሰመርኩበት ሰባት መቶ፤ የዚች ልጅ አንድ ዓመት ነው ለካ። ወረቀቴ ላይ ይሄን አልጻፍኩትም።

"አሁን ነው ይሄን ሰውዬ የማባርረው!" አለች ወርቄ።

ተነሳሁ። "ሰናይት፣ እስክትመረቂ አራት መቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ይስሙ። ውሃም በፈለግሽ ቀን ቅጂ።"

"ካውያስ?" አለች ወርቄ።

"ካውያም!"

ሰናይት አልሳቀችም፤ ግን ትሪውን መልሳ አነሳች። አልቋል አልኩ። እፎይ ልል ስል ድምፅ ሰማሁ።

"ቆይ... ሲግናል አንድ ሺ አንድ መቶ?"

ግዛው ነው። ወረቀቴን ይዟል።

"እስቲ ያሳዩኝ" አሉ ወንድም ታደሰ፤ መነጽራቸውን አወጡ።

"የኔን ቤት ሦስት መቶ ያለህ ማን ነው?" አለ ገመቹ።

"ደላላው።"

"ሌባ! እኔ ሁለት መቶ ነው የማከራየው! መቶውን ሊበላ ነበራ!"

ሦስቱ ራስ ለራስ ገጠሙ። ግዛው ግቢ አራት ክፍል አለ፤ ወንድም ታደሰ ጋ ሁለት። የኛ ትዳር ተረሳ! ግዛው በጣቱ እየተከተለ ያነባል። "ከሚካኤል አሥር ደቂቃ በእግር ሰባት መቶ ሃምሳ... እኔ አራት መቶ ሃምሳ ነው የማከራየው! ሞኝ ሆኜ ኖሬያለሁ!" ወንድም ታደሰ "እኔም ለጌታ ብዬ ዝም ብዬ እኮ ነው" ይላሉ። ከዚያ ተነስተው ትዳራችንን መረቁ፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው። ግዛው አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጡ።

ሰናይት ብርጭቆ እየሰበሰበች፣ "ጋሼ፣ አብረውኝ የሚማሩ ሁለት ልጆች ጋሽ ግዛው ግቢ ነው የሚኖሩት" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ወርቄ ግን አለች። "አየህ? የአንዷን ልትጨምር ሄደህ የሰፈሩን ሁሉ ጨመርክ።"

እናንተ "ኪራይ ማን ነው እንዲህ ያስወደደው?" እያላችሁ ትጽፋላችሁ። መንግሥት ነው፣ ደላላ ነው፣ ባቡር ነው ትላላችሁ። በኛ ሰፈር እንኳ እኔ ነኝ! ኮት ለብሼ፣ ጫማ ቀብቼ፣ በእግሬ ዞሬ። ስድብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ብቻ ሽማግሌ ነኝና በ"እርስዎ" ስደቡኝ።

በማግስቱ እሑድ ገና ሳይረፍድ ተነሳሁ። አጥሬ ሥር ድንጋይ መረጥኩ። ትልቁን አየሁት፣ አንገቴን አሰብኩ፣ መካከለኛውን አነሳሁ። በኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱ "አውርድ" ካላለው አያወርድም። ደም ለተቃቡ ሰዎች የኖረ ወግ ነው። እኔ ለቤት ኪራይ ተሸከምኩት!

ግዛው በር ላይ አጎንብሼ ቆምኩ።

በሩን ከፈተ። "አንተ ሰውዬ አበድክ? ትናንት አስታርቀንህ!"

"ለተከራዮቹ ነግረሃል?"

"ማታውኑ ነገርኳቸው። ሰባት መቶ።"

"ጭማሪውን አንሳላቸው። ካላነሳህ አላወርድም።"

ተከራዮቹ የጥርስ ብሩሽ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ወጡ። አንዱ በሞባይል ፎቶ አነሳኝ። ወደ ሚካኤል የሚሄዱ ሴቶች ቆሙ።

"እሺ፣ ሦስት ወር አልጨምርም! አውርድ!"

"ዓመት!" አልኩ ከድንጋዩ ሥር።

"አምስት ወር!"

"ልጆቹ የሚመረቁት በዓመት ነው!"

"ደቻሳ፣ አንገትህ ይሰበራል!"

"አንገቱ የኔ ነው! በነጻ ነው የምኖርበት!"

አንዷ ባለነጠላ "ኸረ በሚካኤል አቶ ግዛው!" አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ግዛው ግራ ቀኝ አየ፣ አንገቱን ደፋ።

"ዓመት! አውርድ!"

አወረድኩ። ማጅራቴን አሸሁ። ትንሽ አረፍኩና ድንጋዩን መልሼ ተሸክሜ ወደ ወንድም ታደሰ በር ሄድኩ።